የሙሽሮችን መንገድ የቀረጹት የአቶ ዓለምነው አካለ ወልድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዓለምነው ከአባታቸው ከመሪጌታ አካለ ወልድ ይርዳው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት አየነው በደብረ ወርቅ ጥቅምት 5 ቀን 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው፣ በ1978 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በደብረ ማርቆስ አጠናቀቁ። አባታቸው በዜማ ትምህርት እንዲገፉ ይመኙ ነበር፤ እርሳቸው ግን ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። በ1987 ዓ.ም. የራሳቸውን ቪዲዮ ቤት ከፍተው፣ ሕመም እስኪያስቀራቸው ድረስ በከተማውና በዙሪያው ሠርግ ሲቀርጹ ኖረዋል።

በ1989 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህርቷ ከወይዘሮ ፀደንያ መኮንን ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ስለ ትዳራቸው እዚህ ብዙ አይነገርም፤ አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል።

በአገራችን ልማድ የሙሽራ እናት ልጇን ከደጅ ሸኝታ ትቀራለች። ልጇ በመንገድ ላይ እንዴት እንደነበረች የምታየው ካሴቱ ሲመጣ ነው። በጥር 1994 ዓ.ም. አቶ ዓለምነው የወይዘሮ ጥሩነሽን የመጀመሪያ ልጅ የዘሪቱን ጉዞ ከደብረ ኤልያስ እስከ ደብረ ማርቆስ ቀረጹ። ካሜራው እንዳይነቃነቅ ብለው፣ ከሙሽራዋ ፊት በምትሄደው ፒክአፕ ላይ የብረት ማቆሚያ አስበይደው በብሎን ጠፈሩት። ስሕተቱ እዚያ ላይ ነበር። ብረቱ የጠጠሩን መንገድ ምት አንድም ሳያስቀር ለካሜራው አቀበለ። ዘሪቱ ከመልሱ በኋላ ከባሏ ጋር ሁመራ ስለ ሄደች፣ እናቷ ካሴቱን በጉጉት ጠበቁ። ሲከፈት ግን ራሳቸውን አዞራቸውና ፊታቸውን መለሱ።

«ዓለምነው ልጄ፣ መንገዱንስ አሳየኸኝ፤ ልጄን የት ጥለሃት መጣህ?» አሏቸው።

በቤቱ የነበረው ሰው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። ሠርግ አይደገምም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ደከሙ። ማቆሚያውን አስቆርጠው ጣሉ። ካሜራውን በትከሻቸው ይዘው ጉልበታቸውን አጥፈው ሞከሩ፤ ጥቂት እንደ ሄዱ ክንዳቸው ዛለ። በላስቲክ ገመድ ሰቀሉት፤ እንደ ደወል ምላስ ተወዛወዘ። በመጨረሻ በግማሽ የተነፋ ካላማዳሪ፣ ማለትም የመኪና የውስጥ ጎማ፣ ፒክአፑ ላይ አስተኝተው፣ በላዩ ጢም ብሎ ያልሞላ የጤፍ ከረጢት አደረጉበት፤ ካሜራውንም ጤፉ ውስጥ ቀበር አድርገው አስቀመጡት። ከመኪናው ጎማም ትንሽ ነፋስ ቀነሱ። ከሩቅ አቅርቦ መቅረጽንም ትተው፣ መኪኖቹ ተቀራርበው እንዲሄዱ አደረጉ። አንዳንድ ነገር የሚጸናው ሲታሰር ሳይሆን ሲደገፍ ነው ይሉ ነበር፤ ይህን ለልጆቻቸውም ነግረዋል።

በጥር 1998 ዓ.ም. ታናሺቱ አመተ ማርያም ስትዳር፣ እንድቀርጽ ፍቀዱልኝ ብለው ራሳቸው ሄደው ለመኑ። ወንድሞቿ «ደግሞ ሊያዞረን ነው?» አሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ «ይቅረጽ፤ ካዞረኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ» ብለው ፈቀዱ። በዋዜማው አቶ ዓለምነውና ባለቤታቸው ክፉ ክፉውን መንገድ በእግር ሄደው፣ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ አሰፈሩ። በማግስቱ የፒክአፑ ሾፌር አወቀ ያንን ወረቀት መሪው ላይ ለጥፎ እንደ ሰው እርምጃ ነዳ። ከኋላ ያለው አጃቢ ጥሩምባ እየነፋ፣

«አወቀ፣ እንቁላል ጭነሃል እንዴ?» ሲለው፣

«የእትዬ ጥሩነሽን ዓይን ነው የጫንኩት፤ የቸኮለ በእግሩ ይቅደም!» አለ።

ሙሽራዋ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። የሙሽራው አባት አቶ ዓለምነውን እስከ ማታ አላነጋገሯቸውም።

ካሴቱ ሲከፈት ወይዘሮ ጥሩነሽ ፊታቸውን አልመለሱም። አመተ ማርያም እስከ ድልድዩ ድረስ አለቀሰች፤ ከድልድዩ በኋላ ሚዜዋ በጆሮዋ አንድ ነገር ብላት ሳቀች። እናቷ «እሰይ፣ ስቃልኛለች» ብለው ያንኑ ቦታ ሦስት ጊዜ አስደገሙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አረፉ። አቶ ዓለምነው ስለዚህ ሥራቸው ቢመሰገኑም፣ የዘሪቱን ፊት ለእናቷ ሳያሳዩ መቅረታቸውን ለባለቤታቸው ብቻ ያነሡ ነበር።

ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ወላጅ እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሰንበት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀደንያ፣ ልጆቻቸው ዜማና ፍቅረ ሥላሴ አሉ።

አስከሬናቸው በመኪና እንዳይሄድ የጠየቀችው ባለቤታቸው ናት። በትከሻችሁ ተሸክማችሁ፣ ሳትቸኩሉ እዚህ ላደረሳችኋቸው የዕድራችን አባላት ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ እኛ አናውቀውም፤ የሚያውቀው አምላክ ነፍሳቸውን በእጁ ደግፎ፣ መናወጥ ወደሌለበት ዕረፍት ያድርስልን። አሜን።