ለአርፒ የመረጥኳት ከባድ ሣጥን

ይድረስ ማርሴይ ላለችው፣ እንደ እናት ላሳደገችኝ እህቴ ለሲርቫርት።

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል? ባለቤትሽን ኦኒክን ሳሉ ለቀቀው? የባሕሩ ብርድ እናንተም ዘንድ እንዲህ አጥንት ድረስ ይገባል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እኔ ከጨጓራዬ በቀር ደህና ነኝ፤ አርፒም ከእጇ በቀር ደህና ናት። ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ በዚያች በእጇ ምክንያት ነው። የባለቤቴን የዛቤልን ሁለተኛ ሙት ዓመት በቤተ ክርስቲያን አስታውሰናል፤ በአንቺም ስም ሻማ አብርቼያለሁ።

ባለፈው መስከረም የላክሽላትን ቤዝ ጊታር እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች። የድምፅ ማጉያውን፣ አምፕሊፋየሩን፣ ግን አንተ ምረጥላት፣ የአባቷ ስጦታ ይሁን ብለሽኝ ነበር። እኔም ዛሬ ነገ ስል ይኸው ጾም ገባ። ምክንያት አላጣሁም። መብራቱን ታውቂዋለሽ፤ የመንግሥቱ ሲጠፋ ከሰፈሩ ጄኔሬተር በምናገኛት አምስት አምፔር ፍሪጁና ማሞቂያው አብረው ከተነሡ ቆጣሪው ቷ ብሎ ይወርዳል። ከታች ደግሞ ሱዓድ አለች፤ ወንበር ስንጎትት እንኳ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። አርፒ እስከዚያው የጊታሩን አናት ከዛቤል ቁም ሣጥን ጋር አስደግፋ ትለማመድ ነበር። እንጨቱ ድምፁን ተቀብሎ እምም ይላል፤ ውስጥ ያሉት የልብስ መስቀያዎች ይንሿሿሉ። «አባዬ፣ ፈተናው ላይ ቁም ሣጥኑን ተሸክመህልኝ ትገባለህ» እያለች ትስቅብኛለች።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የእጇ አንጓ አበጠ። ደብቃኝ ነበር፤ ሳህን ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ነው ያወቅሁት። የጊታር መምህሯ ካርሎ ጠርቶ ተቆጣኝ። «ራሷን ስለማትሰማ ነው ክሩን እንደ ጠላት የምትመታው» አለኝ። «የሚጮህ ማጉያ አልፈልግም። ትንሽ፣ በደንብ የተሠራ፣ በስሱ ስትነካው የሚመልስላት ይሁን። አለበለዚያ በሰኔ ፈታኞቹ ፊት በታሰረ እጅ ነው የምትቀርበው።» የሰኔው ፈተና አንቺ ያገኘሽላት የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ነው። ካለፈች እናንተ ዘንድ ትቀራለች። እዚህ ቤት ደግሞ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።

አርፒን ይዤ ኒሻን ሱቅ ሄድኩ። ከልብስ ሰፊው ጎን አሮጌ ራዲዮ ይጠግን የነበረው ኒሻን ነው፤ አሁን አዲስም ያገለገሉም የሙዚቃ ዕቃዎች ይሸጣል። ነገር ፍለጋው አልቀነሰም። «አንተ ነርሴስ፣ በስተርጅና ጭፈራ ቤት ልትከፍት ነው?» አለኝ። ሁለት አወጣልን። አንደኛው አዲስ ነው፤ ቀላል፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት የሚበራ፣ ማዞሪያዎቹ ለቁጥር የሚያታክቱ። ሁለተኛዋ ያገለገለች ትንሽ ጥቁር ሣጥን ናት። ጥቂት ማዞሪያ፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ፣ ሌላ ምንም የላት። ላነሳት ብል እንደ ስንዴ ጆንያ ከበደችኝ። እንጨቷ ወፍራም ነው፣ ጥጎቿ በብረት ተይዘዋል፣ ጀርባዋም በሙጫ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ነው።

ኒሻን አዲሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መታው፤ የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አርፒ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዝቅ አደረገችውና በዚያች በፋሻ በታሰረች እጇ ወፍራሙን ክር በስሱ ነካችው። አዲሱ ጉም ብሎ ጠፋ፤ ሆዱ ውስጥም የሆነ የላላ ነገር ተንጫረረ። ትንሿ ግን ጊታሩ ሲሰካባት ያንኑ ድምፅ ተቀብላ ያዘችው። አልጮኸችም። ቆየች።

እኔ ስለ ማሽን አላውቅም፣ እትዬ። ግን ሌሎቹ ሲያዜሙ ከሥር አንዲቱን ወፍራም ድምፅ ብቻ ይዤ የምቆም ዘማሪ መሆኔን ታውቂያለሽ። ዛቤል ነፍሷን ይማርና «አንተን ማን ይሰማሃል? ስታስል ብቻ ነው መኖርህ የሚታወቀው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ የትኛው እንደሚሻል ወዲያው ገባኝ። አርፒ ግን ልቧ ተከፍሎ ነበር። «አዲሱ ጉልበት አለው፣ ትንሿ ደግሞ… አላውቅም። አንተ ንገረኝ አባዬ፣ ጆሮህን አምናለሁ» አለችኝ።

አፌ ላይ የመጣው አዲሱ የሚለው ነበር። ጥርሴን ነክሼ መለስኩት፤ ነገ እንመለስ ብያት ወጣን። መንገዱን ሁሉ ስለዚህ ነገር ራሴን ስጠይቅ ሄድኩ። አዲሱን ብትወስድ ራሷን አትሰማም፤ ካልሰማች ትመታለች፤ ከመታች እጇ አይድንም፤ እጇ ካልዳነ ፈተና የለም። ፈተና ከሌለ ደግሞ መሄድ የለም። እዚያ ቆሜ እንዲህ ዘርዝሬ አላሰብኩትም፤ ግን ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ማታ ለጸሎት ሄድኩ። በጾሙ ሥርዓት የመቅደሱ መጋረጃ ተዘግቷል። ድምፄን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ትንፋሽ አጠረኝና አቋረጥኩ። ዜማው ከሥሩ ባዶ ሆነ፤ ከፊቴ የቆሙት ዘወር ብለው አዩኝ። ሳላስል የተሰማሁባትን ቀን ዛቤል አላየችም።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ኒሻን «ትንሿን አንድ የጁኒዬ ከተማ ሰው ያዝልኝ ብሏል፤ እስከ ቀትር ካልመጣ ያንተ ናት» አለኝ። ደስ አለኝ። ከአንቺ ምን እደብቃለሁ፣ እትዬ፣ ደስ አለኝ። ሰው ቀደመን፣ ምን ላድርግ፣ ብዬ ለአርፒ የምነግራት ነገር አገኘሁ። ያቺን ደስታ ውስጤ ሳገኛት ግን እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው እንዲመጣ ይሁን እንዳይመጣ የምጸልየው ለራሴም አልለየልኝም። በመጨረሻ ጌታ ሆይ ለልጅቷ የሚበጀውን አድርግ አልኩ፤ እሱንም በሙሉ ልቤ ያልኩት አይመስለኝም። ኒሻን «ጥርስ ልታስነቅል ተራ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው» ብሎ ሻይ ሰጠኝ። የቀትሩ ደወል ተደወለ። ሰውዬው አልመጣም። ያኔም ቢሆን ባዶ እጄን ልወጣ እችል ነበር። «አምጣት» አልኩት።

የመንግሥቱ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል፤ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክሜያት ወጣሁ። ሱዓድ በሯ ላይ ቆማ «ነርሴስ፣ የሬሳ ሣጥን ነው እንዴ? ለአንተ እኮ ታንስሃለች» አለችኝ። ሳቅ እንኳ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ደረጃዬን መውጣት ቀጠልኩ። አርፒ በጄኔሬተሩ መብራት ሰካቻት፤ ፍሪጁም እየሠራ ቆጣሪው አልወረደም። መጀመሪያ እንደ ልማዷ ክሩን መታችው፤ ራሷን ስትሰማ ደነገጠች። «አባዬ፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ነበር እንዴ የምመታው?» አለች። ትከሻዋ ወረደ፣ እጇ ላላ፣ እንደገና በስሱ ጀመረች። እኔ የጾም ምግባችንን የምስር ኮፍታ ላቀርብ ወጥ ቤት ገብቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ እብጠቱ እየጎደለ ነው፤ ካርሎም ፋሻውን ፈቶላታል። አሁን አብዛኛውን ጊዜ በማዳመጫ ነው የምትለማመደው። ሱዓድ ሰሞኑን መጥታ ልጅቷ ታመመች እንዴ፣ ቁም ሣጥኑ ዝም አለ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የሚሰማኝ የጣቷ ኮቴ ብቻ ነው። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር ሰኔ የመጣ ይመስለኛል። እጇ ተመልሶ ያብጥ ይሆን? ፈታኞቹ ቁጡ ናቸው? ካላለፈች እንዴት አድርጌ ነው የማጽናናት? ካለፈችስ? ሁለቱንም እፈራለሁ፤ የትኛውን የበለጠ እንደምፈራ አትጠይቂኝ።

አርፒ ስትመጣ ሣጥኗም ትመጣለች። አርፒ «ከባድ ናት፣ እዚህ ትቅርልህ፣ ስመለስ እጫወትባታለሁ» ብላኝ ነበር። የምትለው ለእኔ አስባ መሆኑ ገብቶኛል። እምቢ አልኳት፤ በመርከብ የሚያደርስልኝ ሰውም አግኝቻለሁ። ለእኔ ቁም ሣጥኑ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ። አርፒ ከልጅሽ ከታሊን ጋር የምትተኛበት ክፍል ወለሉ እንጨት ነው ወይስ ድንጋይ? እንጨት ከሆነ ወፍራም ድምፅ ወደ ታች ይወርዳል። ሣጥኗ ወለሉን እንዳትነካ የዛቤልን ትንሽ ምንጣፍ፣ ያቺን ከአልጋዋ ጎን የነበረችውን፣ ጠቅልዬ አብሬ እልካለሁ። አራግፌ ፀሐይ አስመትቻታለሁ።

ኦኒክን ሳሉን ችላ እንዳይለው ንገሪልኝ። የእናቱን እጅ ሳሚልኝ፤ ሁልጊዜ በጸሎቴ አሉ። ታሊንን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ክፍሏን ለማካፈል እሺ በማለቷ እግዚአብሔር ይባርካት። ከወለላችሁ በታች የሚኖረውንም ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሰላም በይልኝ፤ ከወዲሁም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ ነርሴስ
ቡርጅ ሐሙድ፣ ቤሩት
እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2018