የፉርጎው ሬሳ

ሰኞ

ዛሬም አላናገርኳትም። ሽሮ ሠርታ ከድናልኝ ወጣች። በላሁት። መብላቴ ራሱ አናደደኝ።

ልጄ ፎዚያ ደሴ ልብስ ሰፊ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ እኔ ዘንድ ኮምቦልቻ የሰነበተችው ናፍቄያት አይደለም፤ ለፊልም ነው። ከሰፈራችን በታች ሐዲዱ ላይ የቆመ ፉርጎ አለ፤ እሱ ውስጥ ይቀርጻሉ። ታሪኩን ነገረችኝ። አንድ ሌባ ከፖሊስ ለማምለጥ ሬሳ መስሎ ባቡር ይሳፈራል። ትኬት ቆራጩ ለሬሳውም ትኬት ይጠይቃል። እሷ የሬሳው ሚስት ናት፤ ፖሊስ በቀረበ ቁጥር ታለቅሳለች።

«ያስቃል አባዬ፣ ያስፈራልም» አለችኝ።

«ጀናዛ ያስቃል?» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ነው።

ፉርጎው እንደሆነ አይሄድም። ጎረምሶች ከውጭ በግንድ ይነቀንቁታል፤ ሌሎች ቅርንጫፍ ተሸክመው በመስኮቱ ፊት ይሮጣሉ፣ ዛፍ የሚያልፍ እንዲመስል። ጎረቤቴ ይማም፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው፣ ቅርንጫፍ አንግቶ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት። ስድብ አፌ ላይ መጣ። አስተግፊሩላህ ብዬ አለፍኩ።

ማክሰኞ

ተዋረድኩ።

ከዙህር ሶላት ስመለስ በሐዲዱ በኩል ነው መንገዴ። ጩኸት ሰማሁ። የፎዚያ። ይህን ጩኸት አውቀዋለሁ፤ እናቷ ዘይነባ የሞተች ቀን የጮኸችው ነው፤ መሃል ላይ ቁርጥ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው። ዞር ስል ጋቢ የለበሰ ሰው በቃሬዛ ከፉርጎው ያወርዳሉ። የፊልሙ ነገር ከጭንቅላቴ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ከጎረምሶቹ አንዱ ሞቶ ነው አልኩ።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ቅሬውን፣ የቀብር ዕድራችንን፣ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ጡሩንባው እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው። ሮጬ አምጥቼ ነፋሁ። ጡሩንባ የሰማ ወንድ የያዘውን ጥሎ፣ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። ወጡ። እኔው መራኋቸው።

ስንደርስ ሬሳው ቃሬዛው ላይ ቁጭ ብሎ ሙዝ ይበላል።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ይማም ሳቀ፣ ቅርንጫፉን እንዳንጠለጠለ። አዘጋጁ፣ መነጽር ያደረገ ጎረምሳ፣ «ካሜራው አይቁም፣ አይቁም» ይላል። ያን ሁሉ ሰው አካፋ ይዞ ወደ ባቡር ሲሮጥ ቀርጾታል። ከፊት እኔ።

ረቡዕ

የቅሬያችን ዳኛ ሐጂ እንድሪስ መጣ። ግባ ብለው እምቢ አለ፤ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ነገ የእውነት ሰው ቢሞት ማን የሚወጣልህ ይመስልሃል ሰይድ?»

«ተሳሳትኩ ሐጂ።»

«ሌላው ይሳሳት። ጠሪ ተሳስቶ ምን ይሆናል? ጡሩንባውን አምጣ። አንተን ቅሬው ተሰብስቦ ይይህ።»

ሰጠሁት። ዘይነባን ተሸክመው የቀበሩልኝ እነሱ ናቸው። ዶፍ ዝናብ ነበር፤ አንድ ሰው አልቀረም። ቢያስወጡኝ እኔን ማን ይሸከመኛል?

እሱ ሄዶ አዘጋጁ መጣ። ቀኑ እንዲህ ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ እርስዎ ያመጡት ሕዝብ ነው። ብቻ ይፍቀዱልን።»

«ወላሂ አልፈቅድም። ውጣልኝ።»

ፎዚያ ጓዳ ሆና ሰምታለች። «እኛ ጥራ አላልንህም» አለችኝ።

«የእናትሽን ለቅሶ መሳቂያ አደረግሽው» አልኳት።

የታጠበ ሳህን መልሳ ስታጥብ ቆየች።

ሐሙስ

ስኳር ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬስ ማንን ገደሉ?» አለኝ። ስኳሩን ትቼ ወጣሁ። ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ። ነፍሴን አመስግኚ አልኳት፤ እምቢ አለች።

ለምን ጠጋ ብዬ አላየሁም? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ነው የማስበው። የፊልም ሰዎቹን ጠልቻቸው ነበር። ክፉ እንዲገጥማቸው ተመኝቼ ይሆን? አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀው ጩኸቷን ስሰማ ወደ ጡሩንባው መሮጤን ነው።

ከመግሪብ በኋላ ፎዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ሌላ ለቅሶ አላውቅም አባዬ። አልቅሺ ሲሉኝ የምትመጣው እማዬ ናት» አለች።

ለሶላት ልታጠብ ወጣሁ።

ዓርብ

ሱብሂ ሰግጄ ከመስገጃው ሳልነሣ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ እንድሪስ ነው፤ ጡሩንባውን ይዟል። እናቱ እማማ ሐዋ አርፈዋል።

«ጥራልኝ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ነፋሁ። የእማማ ሐዋን ስም ጠራሁ። አንድ በር አልተከፈተም። ደገምኩ። ከአጥሩ ወዲያ ይማም፣ «ሰይዴ፣ የዛሬው ሬሳ ደግሞ ምን ይበላል? ብርቱካን?» አለ። ውስጥ ሳቁ። ሐጂ አጠገቤ ቆሞ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ያን ፊት ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ፎዚያ ሻሿን እያሰረች ወጣች። ትጮኻለች ብዬ ፈራሁ፤ ብትጮህ ያው ፊልም ነው ብለው በራቸውን ይቀረቅሩ ነበር። አልጮኸችም። የይማምን በር በእጇ መታችው።

«ጋሼ ይማም፣ ማክሰኞ ያታለልኳችሁ እኔ ነኝ። አባቴ የሰማውን ነው የጠራው። ዛሬም የሆነውን ነው የሚጠራው፤ ሐጂ ይኸው ቆመዋል።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው በር ሄደች። ከዚያም ወደ ሌላው።

ይማም አካፋውን ይዞ ወጣ። ዓይኔን አላየም። ከኋላው ሌሎቹ።

ቀብረን ተመለስን። ሐጂ ጡሩንባውን አምጣ አላለኝም፤ እኔም እንካ አላልኩትም። ቅሬው ሲሰበሰብ ምን እንደሚል አላውቅም።

ፎዚያ ከለቅሶው ቤት ቀጥታ ወደ ፉርጎው ሄደች፤ የቀረ ቀረጻ አለባት። በዚህ ቀን። ተናደድኩ፤ አሁንም ንዴቴ አልበረደም። ይህን ስጽፍ ጩኸቷ ከሐዲዱ በኩል ይመጣል፤ ያው፣ መሃል ላይ ቁርጥ የሚለው። ጡሩንባው ጭኔ ላይ ነው። አልተነሣሁም። እሷ እስክትጨርስ ድረስ ለዘይነባ ዱዓ አደረግሁ።