ራሳቸውን ፈልገው ላጡት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ታዴዎስ
የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ
አርባ ምንጭ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ የጠፋ አባት እንዲፈለግልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔና ልጃችን ኖላዊት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህንነትዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ተፈልገው እንዳልተገኙ ማኅተም ባለበት ወረቀት ስለተገለጸልኝ ከልቤ ሰግቼ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ በቢሮዎ መስኮት ሻይዎን ሲያማስሉ ባላይዎ ኖሮ እስካሁን ለቅሶ በተቀመጥኩ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። አቶ ታዴዎስና እኔ ባልና ሚስት ነበርን፤ ተፋታን። ኖላዊት ሰባት ዓመቷ ነው፣ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፣ እኔ ደግሞ ኩልፎ ወንዝ ዳር ለገበያ የሚሄድ ሙዝ እየለየሁ በማገኘው ነው የማሳድጋት። አባቷ ቀለብ እንዲቆርጥላት በፍርድ ቤት አመለከትኩ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ስለሌለኝ ሳባ የምትባል የሕግ ምሩቅ በነጻ እየመከረችኝ አቤቱታዬን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ፍርድ ቤቱም እንደ ደንቡ መጥሪያውን ተከሳሹ በሚኖርበት ቀበሌ በኩል ላከ። እንግዲህ ቀበሌው እርስዎ፣ ተከሳሹም እርስዎ ነዎት። ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. የመጀመሪያው መጥሪያ ስምዎን ይዞ ጠረጴዛዎ ላይ ደረሰ። መልሱም «ተከሳሹ በቀበሌያችን ተፈልጎ አልተገኘም» የሚል ሲሆን፣ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ክቡ ማኅተም አርፎበታል። ለፍለጋው ስለደከሙ አመሰግናለሁ። ከካቢኔው ኋላም፣ ከወንበሩ ሥርም ሳያዩ እንዳልቀሩ እገምታለሁ፤ ወንበሩ ላይ ማየቱን ግን ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል። ፈራሚውና የጠፋው ሰው አንድ መሆናቸውን ለዳኛው ብናገርም፣ ተመሳሳይ ስም ስንት አለ፣ ማኅተም ያለበትን የመንግሥት ወረቀት በአፍ ብቻ አናፈርስም ተባልኩ።

፪. ሁለተኛውን መጥሪያ አስፈቅጄ ራሴ ይዤ መጣሁ። ጥበቃው ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለነገረኝ በሚኒባስ ሴቻ ወጣሁ፤ እዚያ ደግሞ አሁን ወረዱ አሉኝ። የቀን ሥራዬን ትቼ ዳገቱን ስወጣና ስወርድ ዋልኩ፤ መጥሪያውን ለጥበቃው ሰጥቼ ማታ የገባሁት ባዶ እጄን ነው። የዚያን ጊዜው መልስዎ «አካባቢውን ለቆ ሳይሄድ እንደማይቀር ይገመታል» የሚል ተጨምሮበት ነበር። ግምትዎ ትሑት መሆኑን አደንቃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በእርግጠኝነት ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ዳኛው መጥሪያው ለሦስተኛ ጊዜ ካልደረሰ መዝገቡን እንደሚዘጉት ነገሩኝ። መዝገብ ሲዘጋ የልጅ ሆድ አብሮ አይዘጋም፣ አቶ ታዴዎስ! ኖላዊት ምሳ ሳትይዝ ትምህርት ቤት የምትሄድበት ቀን አለ። ፍርድ ቤቱ አባቷን ፈልጎ እንዳጣው ለጎረቤት ሳወራ ሰምታኝ፣ «እማ፣ እኔ አውቀዋለሁኮ፣ ቀበሌ ሁለተኛው በር ነው ያለው፣ ላሳይሽ?» አለችኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

፫. ለሰፈሩ ሁሉ የዘይትና የስኳር ወረፋ የሚያስይዙት እርስዎ ነዎት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

፬. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ የተከበሩ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ደጄ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ምድር ያደገ ሰው ሣር የያዘ ሽማግሌ ተራምዶ እንደማያልፍ እርስዎም ስለሚያውቁ ነው የላኳቸው። እኔም ተንበርክኬ ተቀበልኳቸው። ገመናችሁን ፍርድ ቤት አታውጡ፣ ክሱን ተዪውና በቤት እንጨርሰው አሉኝ። ሁሉንም ሰምቼ ስጨርስ ማን እንደላካቸው ብቻ ጠየቅኩ። ታላቃቸው አቶ ኤርጫፎ ገርሟቸው፣ «እሱ ነዋ! አሁን ቁርስ አብልቶን ከቤቱ መምጣታችን ነው» አሉኝ።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩላቸው። በእኛ ዘንድ የሽማግሌ ውሸት ጎሜ የሚባል እርም እንደሆነ፣ ዞሮም በዋሸው ሰው ቤትና ልጅ ላይ እንደሚመጣ ሥራ ሲበዛብዎ ረስተውት ነው እንጂ፣ መዋሸት የማይችል ሰው ባልላኩ ነበር። አቶ ኤርጫፎ ሣሩን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይሄ ወረቀት እኛንም ሊያስዋሸን ነው። ነገ ፍርድ ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉኝ፤ ሄዱም። ዳኛው ተከሳሹን ያውቁት እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ «ሥራ አስኪያጁን ነው? ትናንት ያበላኝን ሰው አላውቀውም ልበል እንዴ?» ብለው መለሱ። ዳኛውም መጥሪያው ሰው በሚያይበት ቦታ እንዲለጠፍ፣ ከዚያ በኋላ ተከሳሹ ባይቀርብ ጉዳዩ በሌለበት እንዲታይ አዘዙ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ባለውለታዬ ነዎት። መጥሪያ አልደረሰም ሲባል መዝገቡ እስኪዘጋ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንደማያስፈልግ፣ ምስክር ማቅረብ እንደሚቻል፣ በማስታወቂያ ይጠራልኝ ብሎ ማመልከትም እንዳለ ያወቅኩት በእርስዎ ምክንያት ነው። ሙዝ ስንለይ ለሥራ ባልደረቦቼ አስተምራቸዋለሁ፤ ባሎቻቸው የጠፉባቸው ብዙ ናቸው።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያልቅ ትዕግሥት ጋር፣
የቀበሌዎ ነዋሪ፣ የልጅዎ እናት፣ ማንም ቢፈልጋት የምትገኘው
ዘርፈሽ

ግልባጭ፦
ለተከሳሹ፣ በእርስዎ በኩል

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጥሪያው ከዚህ ደብዳቤ ጎን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ መለጠፉንም ሥራ አስኪያጁ አይተው በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ፍርድ ቤቱ አዟል። ሰሌዳው አጠገብ ቆመው እስከዚህ ካነበቡ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ተገኝተዋል።