ሽሮ የሌለበት ሁዳዴ

የካቲት ፱፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ቢጫዋን ክኒን ዋጥሁ። በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ። ወ/ሮ ጥሩ፣ ጎረቤቴ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች። የሐኪም መድኃኒት ሆድ ይልጣል፣ በወተት ካልተዋጠ አይሆንም አለችኝ። ወተት ይህን ክኒን ያበላሸዋል፣ ዶ/ሩ ከልክሎኛል አልኋት። ዶክተሩ ላም አልቦ ያውቃል ወይ? አለች። ሳቅሁ። ስስቅ ሆዴን አላመመኝም! ይህን ያዝልኝ ደብተሬ። ስስቅ አላመመኝም።

የበሽታዬን ነገር ገና አልነገርሁህም። ስንት ዓመት ሙሉ የሆድ ነፋት፣ ተቅማጥ፣ ክሳት። ኮሶ ነው ተባልሁ፣ ኮሶ ጠጣሁ፤ አንጀቴ ሊወጣ ደረሰ። ቡዳ ነው ተባልሁ። እርጅና ነው ተባልሁ፤ ይህን ያለኝ ሰው አሁንም ሰላም ሲለኝ በአገጬ ነው የምመልስለት። አሁን የመጣው ወጣት ዶ/ር ግን ገና ሆዴን ሲያይ ጠባሳው ላይ ቆመ። በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ጨጓራዬን ቆርጠው ሰፍተውኛል። ሲሰፉኝ አንድ ኪስ የመሰለ ጥግ ቀርቷል ይላል። ምግብ እዚያ ይተኛል፣ ይቦካል። በቀጭኑ አንጀቴ እዚህ ግባ የማይባሉ የነበሩ ተሕዋስያን ተራብተው ከተማ ሆነዋል። እኔ እበላለሁ፣ እነሱ ይወፍራሉ።

ምክንያት አለው! ስም አለው! እንደ ልጅ ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም።

የካቲት ፲፩፣ ሐሙስ

መቀነቴ ዛሬ አንድ ዙር ጨመረ። ሆዴ ወርዷል። ምላሴ አያቃጥልም። እግሬም፣ ያ እንደ ጥጥ የደነዘዘው እግሬ፣ የወለሉን ቅዝቃዜ ለየ። ደም የመሰለ ቀይ መርፌ ነው የወጉኝ፤ ተሕዋስያኑ የሰረቁኝን ይመልሳል አሉ።

ደንቡ ይኸው፤ እንዳልረሳው ሳይሆን ደንብ መጻፍ ስለምወድ። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር የለም። ወተት፣ ስኳር፣ ማር፣ ጠላ የለም። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ አድቅቆ ማኘክ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ድንች፣ ሩዝ ይበላል። በልጅነቴ በአዳሪ ት/ቤት ጉርሻ ሳያልቅ ያወራች ልጅ ግድግዳ ታቅፋ ትቆም ነበር። ያኔ የጠላሁት ሁሉ አሁን መድኃኒት ሆነልኝ።

ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ወጣ። ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ። ቆሜ ድርሻዬን ተቀበልሁ፣ ተሸክሜ ሄጄ ለጥሩ ሰጠኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። መምህርት፣ ታመዋል ወይስ ሊሞቱ ነው? አለችኝ። ልድን ነው አልኋት። እንግዲያው ዶሮዎቼ ለእርስዎ እንቁላል ይጣሉ አለች። ከሰዓት እንቁላል በእንቅብ መጣ። ገና ሙቅ።

የካቲት ፲፪፣ ዓርብ

ሐ/ቤት። ዶ/ሩ ሆዴን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ አዳመጠ፣ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሚዛን ላይ አወጣኝ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበ።

ሥጋ አልያዙም እማማ አለኝ። እንቁላሉንና ሥጋውን ጾሙን በሙሉ ይቀጥሉ አለኝ። በሁዳዴ? ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ሁዳዴ አልፈታሁም፣ ስወልድም እንኳ አልሁ፤ አጠገቡ ለነበረችው ነርስ ነው የነገርኋት፣ እሱን ማየት አልቻልሁም።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ክብደቴ በዚሁ መንገድ ከወረደ አዲስ አበባ ልኮ እንደገና ማስከፈትና ኪሱን ማስተካከል ነው የቀረው። የደብረ ዘይት በዓል ማግስት ይመዝነኛል። ካልጨመርሁ እሄዳለሁ።

በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ ቢላ። ከዚያ ተመልሼ ይህን በር እንደማልከፍት አውቃለሁ። እሱም ያውቃል፤ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር።

በድንችና በሩዝ እጨምራለሁ፣ ጾሜንም አልፈታም፣ ታያለህ አልሁት። እጁን ጨበጥሁ። ወደ ቤት የተመለስሁት እንደ ፈተና ቀን እየፈጠንሁ ነው። ፈተና ሲሰጠኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

የካቲት ፲፬፣ እሑድ፣ ቅበላ

የመጨረሻው ክኒን። የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ዶሮ በላሁ፣ እግሯንም፣ ክንፏንም። ምንም አልሆንሁ!

ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣ የደጋ ድንች ገዛን፤ ቆዳው ቀጭን፣ ውስጡ ደረቅ። ካሮት፣ ጎመን፣ ሩዝ አለ። አስካልን ጠርቼ የሽሮውን ቆርቆሮ፣ ምስሩን፣ ክኩን ከቤት አውጪ አልኋት። ሁሉንም። ለጥሩ ይሂድ።

አስካልን አታውቃትም። ከቡሬ ገጠር የመጣች የአዊ ልጅ ናት፤ ልጅ እላታለሁ እንጂ ጠጉሯ ሸብቷል። ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ማጀቱ የሷ ነው፤ እኔ የማዝዘው ከበሩ መለስ ብዬ ነው። ስትቆጣ በአገውኛ ታጉረመርማለች። የሚገባኝ አስመስላለሁ። ዛሬ አጉረመረመች።

የሁዳዴ ገበታ ያለ ሽሮ? እትየ፣ ሰው ምን ይለኛል? አለችኝ በመጨረሻ። ሰው ከእኔ ሆድ ውስጥ አይገባም አልኋት።

የካቲት ፲፰፣ ሐሙስ፣ ማታ

አራተኛ ቀን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ከዚያ እስክተኛ ጥቂት ጥቂት እበላለሁ። እንዴት ያለ የድንች ወጥ! ወፍሯል፣ እንጀራው ላይ ተቀምጧል፣ አይፈስም። ውኃ የሆነ ድንች ነበር የጠበቅሁት። አስካልን ጠርቼ አመሰገንኋት፤ እኔ ሰው ማመስገን ሥራዬ አይደለም። አንገቷን ደፋች። ትሕትና ነው አልሁ በልቤ። ደስ አለኝ።

ደብተሬ፣ እኔ ይህን ፈተና አልፋለሁ። ዶ/ሩ ዓይኑን ማመን ያቅተዋል።

የካቲት ፳፫፣ ማክሰኞ

የሆዴ ከበሮ ተመለሰ። መቀነቴ አንድ ዙር ብቻ። ሌሊቱን ተቀምጬ ነጋ። ሆዴ ይጮኻል፤ በር ላይ ያለ ሰው ይሰማዋል።

ደንቡን አንድ በአንድ ጠብቄአለሁ። አድቅቄ አኝኬአለሁ። ታዲያ ክኒኑ ነው ያልሠራው። ተሕዋስያኑ ከክኒኑ በለጡ ማለት ነው። አዲስ አበባ። ቢላ።

ዛሬ ብዙ አልጽፍም።

የካቲት ፳፬፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ያዝሁት! ያዝሁት! መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፍልህ፤ ከደስታም፣ ከንዴትም።

ጠዋት እንዲህ አልሁ። ደንቡ ትክክል ከሆነ፣ እኔም ከጠበቅሁት፣ ስሕተቱ ሌላ ቦታ አለ። ተማሪ ሒሳብ ሲሳሳትብኝ መልሱን አልነበረም የምጠይቀው፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረሽ አሳዪኝ ነበር የምለው። ስለዚህ ሳልናገር፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ማጀት ገባሁ። ስንት ዓመቴ እዚያ ከገባሁ!

አስካል ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላለች። ድንቹ ይንፈቀፈቃል። እጇ ከመደቡ ሥር ገባ፣ አንድ ቆርቆሮ ወጣ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ጣቶቿ ነስነስ አደረጉ፣ ማማሰያው ዞረ። ያው ቆርቆሮ! የሽሮው! ለጥሩ ይሂድ ያልሁት!

አስካል አልሁ። ማማሰያው ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን እንዳለ ልጻፍልህ፤ ሳልለውጥ።

«እፍኝም አትሞላ እትየ። ወጡ እንዲይዝ ብዬ ነው።»

«ይዟል። ሆዴን ይዞልሻል።»

«ታዲያ ውኃ ላቅርብልዎ? እንደ እስረኛ? ሃያ ዓመት ያበላኋቸውን ሰው በስተርጅና ቀጭን ወጥ አቀረበችላቸው ብባል፣ እናቴ ቡሬ ሆና ትሰማለች። እሪ እያለች መንገድ ላይ ትወጣለች።»

«ይህን ሁሉ ቀን ስነፋ እያየሽ?»

«በድንቹ መሰለኝ እኮ! ድንቹን ቀነስሁ። ቀነስሁና ሽሮውን ትንሽ…» አለችና አፏን ያዘች።

ጨመርሽ አልኋት። ጨመርሁ አለች። ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ እሷ ናት ብዬ እምላለሁ። ከዚያ እኔ፣ ሆዴን ደግፌ። ከዚያ አለቀሰች። ሊያርዱኝ እንደሚልኩኝ አልነገርኋትም ነበር። ነገርኋት። ቆርቆሮውን አንሥታ በባዶ እግሯ ወደ ጥሩ ቤት ሮጠች።

ክኒኑ ሠርቷል ማለት ነው! ሠርቷል!

የካቲት ፳፮፣ ዓርብ

ነፋቱ በሁለት ቀን ወረደ። ያለ ሽሮ፣ ውኃ የሆነ ድንች፤ የሚጣፍጥ አይደለም፣ ግን ሆዴ ጸጥ ብሏል። አስካል ስታቀርብልኝ ፊቷን ታዞራለች፣ ወጡን ላለማየት።

ሐ/ቤት ሄድሁ፣ የሽሮውን ነገር ልነግረው፣ ሳይጠራኝ። ዶ/ሩ እስኪያነባ ሳቀ። ቀጥሎ ሚዛን። ሳቁ ቆመ። ከቅበላው ወዲህ ወርጃለሁ። የድንች ክብደት ወደ ሥጋ እስኪለወጥ ደብረ ዘይት ያልፋል አለኝ። እማማ፣ ክኒኑ ሥራውን ሠርቷል፣ አሁን የቀረው የእርስዎ ነው አለኝ። እንቁላል። በየቀኑ። ከዛሬ ጀምሮ።

ዓርብ ነው አልሁት። ከነገ ጀምሮ አለ።

ወጥቼ በር ላይ ቆምሁ። ሃምሳ ስልሳ ሁዳዴ፣ አንድም ያልተሰበረ። እንደ መቁጠሪያ ነበር የማስበው፤ አንዱ ፍሬ ከጎደለ ሁሉም የሚፈስ። ያለ አባ መርሻ አልወስንም። አስካልን ላክሁባቸው።

የካቲት ፳፯፣ ቅዳሜ

አባ መርሻ መጡ። የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳሉ፣ ግን ገና ቄስ ሳይሆኑም ሽማግሌ ነበሩ። ጥምጥማቸው ወደ ግራ ዘንብሏል። መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሁሉንም ሰሙኝ፤ ኪሱን፣ ተሕዋስያኑን፣ ቆርቆሮውን። ቆርቆሮው ላይ ሲደርስ ጺማቸው ተንቀጠቀጠ።

ብይ ወለተ ማርያም አሉኝ በክርስትና ስሜ። ይኸው ነው።

እንዴት ይኸው ነው? ተከራከርሁ። የበሽተኛ ከጾም መፈታት ለማን እንደሆነ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ጠየቅሁ። እኔ እኮ ቆሜ እሄዳለሁ አልሁ። ቆሜ እሄዳለሁ የምትዪው፣ ሬሳ ስትሆኚ ነው የምፈታሽ? አሉ። ቆጣ አሉ። አንቺ ጾሙን ነው የምትወጂው ወይስ አለመሳሳትሽን?

መልስ ነበረኝ፤ ሦስት መልስ ነበረኝ። ግን ሦስቱም ስለ እኔ ነበሩ።

እሺ፣ በምትኩ ምን ልስገድ? ምን ልስጥ? አልኋቸው። ያለ ልዋጭ አልወድም። መቋሚያቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ያ ብርሃን ጥሩ ምልክት አይደለም።

«ጉልበትሽ ለስግደት አይሆንም። ከማረም ትጾሚያለሽ። እስከ ፋሲካ። ሰው አታርሚ። አስካልን አታርሚ፣ ጥሩን አታርሚ፣ ቀዳሽ ሲሳሳት አትጉረምርሚ። እኔንም ጭምር።»

ከማጀቱ በር ጀርባ የሆነ ነገር ተንኮታኮተ። አስካል ናት፣ ታዳምጣለች። ሳቋን አፍና።

አባቴ፣ እሱ ይከብዳል አልሁ። ለዚህ እኮ ነው ጾም የተባለው አሉና ተነሡ። ጥምጥምዎ ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ከፈትሁና ዘጋሁት። ጥምጥማቸው እንደ ዘነበለ ወጡ፤ በመንደሩ መሐል፣ እንደዚያው።

የካቲት ፳፰፣ እሑድ፣ ረፋድ

ወስኛለሁ። እበላለሁ። መጋረጃም አልዘጋም። ተደብቆ የሚበላ እንቁላል ስርቆት ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ተፈቅዶልኛል።

ጠረጴዛዬን በረንዳ ላይ አስወጣሁ። ጥሩ ከቤ/ክ ስትመለስ አየችኝ። አጥሩ ላይ ተንጠለጠለች። መምህርት፣ ዘንድሮ ሁዳዴ እርስዎን ዘሎ አለፈ እንዴ? አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ መንገደኛ እንዲሰማ። አባ መርሻ ፈቅደውልኝ ነው፣ ለመድኃኒት አልኋት፣ እኔም ከፍ አድርጌ። ታዲያ ዶሮዎቼ መድኃኒተኞች ሆኑ በሉኛ! አለች። ክንብንቧ ተገልብጧል፣ ጥለቱ ወደ ውስጥ ነው። አልተናገርሁም። አንድ።

አስካል እንቁላሉን አመጣች። በሳህን፣ ተልጦ። በጣም ቀቅላዋለች። አስኳሉ ዙሪያውን ጠቁሯል፣ ነጩ እንደ ጎማ። በደንብ እንዲበስል፣ ለሆዴ ብላ እንደሆነ ይገባኛል። አጠገቤ ቆማ እጇን በመቀነቷ ትጠርጋለች።

ጎረስሁ። ከአምላክ ጋር ያለኝን ጨርሼ፣ አማትቤ፣ ጎረስሁ። ሰማይ አልተደፋም። አድቅቄ አኘክሁ። ሆዴ ተቀበለው። ደብተሬ፣ ተቀበለው! ይህን ጉርሻ ማንም አይሰርቀኝም። ደብረ ዘይት ይምጣ፣ ሚዛኑም ይምጣ።

አስካል አልሄደችም። እንዴት ነው እትየ? ትላለች። እየጻፍሁ ስለሆነ ይጠብቃል እንጂ፣ ጥያቄው አየር ላይ ቆሟል። ለአንተ መንገር ግን አልተከለከልሁም መቼም፤ እንቁላሉ ድንጋይ ነው።

ብዕሬን ላስቀምጥ። ሁለተኛውን አምጪልኝ ልላት ነው። ሌላ ምንም አልልም። ምንም። ጨዉን ብቻ ትንሽ…