ከማሽኑ ጋር ታስሬ

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ዛሬም ተቆጡኝ። የማሽን ክፍሉ አለቃዬ ጋሼ መኩሪያ ካርዱን ሲያቀብሉኝ፣ እንደ አስተዳደጌ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኳቸው። መዳፌ ካርዱ መሐል ላይ አረፈ። «ልጄ፣ ይሄ የሚካኤል ጠበል ጻድቅ አይደለም። በጠርዙ ያዢው» አሉኝ። ሳቄን ዋጥኩ።

ካርድ የሚሉት የአዲሱን የስልክ ማሽን አካል ነው፤ ካቢኔት ውስጥ እንደ መጽሐፍ ተደርድሮ ይቆማል። አንዱ ሲሞት አንድ መንደር ስልክ ያጣል። የሚገድለውም የእኛው ገላ ነው አሉ። ሰው ሳያውቀው ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ይዞራል፤ እኛን አይሰማንም፣ ካርዱን ግን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ከመንካታችን በፊት ሽቦ ያለው ማሰሪያ እጃችን ላይ አስረን ኤሌክትሪኩ ከገላችን እንዲወጣ ጫፉን ከካቢኔቱ ብረት ጋር እናያይዛለን።

ዓርብ የጋሼም አለቃ የሆኑት ኃላፊያችን ፊት ብቻዬን ካርድ እቀይራለሁ። እዚህ መቅረቴን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ካልሆነልኝ ተመልሼ ኦፕሬተር ክፍል። ስንት ዓመት «መስመሩ ተይዟል፣ ይጠብቁ» አልኩ። በቃኝ።

ውጪው ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ጉለሌ በቆሻሻ ጭስ ታፍኗል። ማሽኑን እንዳይነካው በሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወተፍን። ጋሼ ለልጆቻቸውም እንዲህ የሚሳሱ አይመስለኝም።

ማክሰኞ

እንዳልረሳ፦ መጀመሪያ ማሰሪያው። የካርዱን ቁጥር ሁለቴ ማንበብ፤ ጤነኛውን ነቅሎ ሌላ ሰፈር ዝም ማሰኘት አለና። መቆለፊያዎቹን ላይና ታች እኩል መክፈት። ቀስ ብሎ መሳብ። የወጣውን ወዲያው ኤሌክትሪክ የማያስገባው ከረጢት ውስጥ። አዲሱ አልገባ ካለ አለመግፋት።

ገፋሁ። ጋሼ እጄን ያዙኝ። «እንቢ ያለው በምክንያት ነው። አውጪና እዪው።» ለካ ገልብጬ ይዤዋለሁ።

ሹራብም ክልክል ነው፤ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። የእንጦጦ ንፋስ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ በሽሮ ሜዳ ጥጥ ሸሚዝ። ሹራቡን የገዛችልኝ እናቴ አኩርፋለች።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። ታስሬ፣ ካርዱን በግማሽ ስቤ ተቀምጫለሁ፤ ጓድ ኃላፊው ገቡ። ሳላስበው ብድግ። ለትልቅ ሰው ተቀምጦ ሰላምታ የት አለ? ሽቦው ተወጠረ፣ ተበጠሰ፤ እኔም ተንደርድሬ ደረታቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። ማሰሪያ ያለን ያው አንዱ ብቻ ነው።

ካርዱ ተርፏል። ተመስገን።

ሐሙስ

ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሽቦውን በየዱት። ሲጨርሱ እጄ ላይ ራሳቸው አሰሩልኝ። «ይሄ እጅሽ ላይ እያለ ንጉሥ ቢመጣ አትነሺም» አሉና በሩን አየት አደረጉ። «እ... ማለቴ፣ ጓድ ሚኒስትር ቢመጡ።»

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ፍርሃቱ መጣ።

ዓርብ

ፈተናው ቀርቶ የእውነቱ መጣ። ጠዋት ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያሉ ስልኮች ጸጥ አሉ፤ ፋርማሲዎቹ ሁሉ። መለዋወጫ ካርዱ አንድ ነው። ጋሼ ወንበሩን ወደ እኔ ገፉት።

አሰርኩ። ቁጥሩን ሁለቴ አነበብኩ፤ ፈራሁና ሦስተኛም። የሞተውን አወጣሁ። አዲሱን ማስገባት ስጀምር ጓድ ኃላፊው ገቡ፤ ከኋላቸው ሁለት የማላውቃቸው እንግዶች። ጉልበቴ ሊነሳ ቃጣው። አልተነሳሁም። ዓይኔንም ወደ ካርዱ መለስኩ። «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ ለካቢኔቱ። ጆሮዬ ጋለ።

ካርዱ ገባ። መብራቱ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ... አረንጓዴ። አንድ ፋርማሲ ደወልኩ፤ ሰውዬው ሃሎ ሲሉኝ ጉንጫቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ዞር ስል እንግዶቹም ኃላፊውም ሄደዋል። አስቀየምኳቸው። በቃ፣ ኦፕሬተር ክፍል።

ቅዳሜ

ጋሼ ነገሩኝ። ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ «እንግዳ ይዤ ስገባ የማትነሳው ምን ሆና ነው?» ብለው ነበር። ጋሼም «እኔም ብገባ አትነሳም፤ ካርድ ይዛለች» አሏቸው። ኃላፊውም «እንግዲያውስ እዚሁ ትቅር» አሉ።

ቀረሁ። ደስታዬን የት ላድርሰው።

እናቴ ኩርፊያዋን ረስታ ግንባሬን ሳመችኝ። «ምን ብትሠሪ ነው እንዲህ የወደዱሽ?» ትለኛለች። ሰው ሲገባ ተነሺ እያለች ያሳደገችኝን ሴትዮ፣ ለኃላፊያችን ሳልነሳ ቀርቼ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?