ከጋራዥ አፈር የወጣው አረፋ

ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20
ከየካ አባዶ ታክሲ ውስጥ። ማስታወሻዬ፣ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍብሽ፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ። ዘይት ከጠጣ የጋራዥ አፈር ያወጣኋት ባክቴሪያ ሳሙና መሰል ነገር ታመርታለች፤ ጠርሙሱ እስከ አንገቱ አረፋ። ያንን አጣርቼ፣ በአልኮል አሟሙቼ፣ የአፍ ፈንገስ የዘራሁበት ሳህን ላይ ጠብ አድርጌያለሁ። ዛሬ ይታያል። ይሠራል። አውቀዋለሁ።

ያው ሰኞ፣ 10፡00
ሠራ! ጠብ ያደረግሁበት ሁሉ ዙሪያው ጥርት ያለ ክብ፤ ፈንገሱ ድርሽ አላለም። ፎቶ አነሳሁ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶ/ር አልማዝ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቴ አዩት። ዓርብ ለጥርስ ሐኪሞች አቅርቢው አሉኝ። ደረጃውን ስወርድ ብቻዬን እስቃለሁ።

ማክሰኞ፣ 11፡30
ቡልቡላ፣ አባባ ቤት። ምሳ አልበሉም። አፋቸውን አስከፈትኳቸው፤ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው የሚያርፍበት ላንቃ ቀልቷል፣ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል። ፈንገስ። ስለ ውጤቴ በስልክ ነግሬያቸው ነበር።
«ታዲያ ያንን ነገር አምጪና ቀቢኝ» አሉ።
ሰው ላይ አልተሞከረም፣ ፈንገስ የገደለ ነገር ሥጋም ሊጎዳ ይችላል አልኳቸው።
«ለባዕድ ነው እንዴ የምትለፊው?»
ፊታቸውን አዞሩ። ከፋኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአፍታ ተፈትኛለሁ። አንድ ጠብታ ብቻ... አይሆንም። ነገ ሐኪም ቤት።

ረቡዕ፣ ከሰዓት
ሩዋንዳ ሰፈር አንድ የጥርስ ክሊኒክ። ሐኪሟ ወጣት፣ ቁጥብ። ጥርሱን እንዳደረጉት ይተኛሉ ወይ ብላ ጠየቀች። አባባ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አቀረቀሩ። የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘ፤ ጥርሱም ማታ ማታ ይወልቃል፣ በደንብ ይታጠባል። ስለ ሥራዬ ሳወራት አቋረጠችኝ።
«መግደሉ ይቆይ። ጥርሱ ላይ እንዳይለጠፍስ ያደርገዋል?»
ሳሙና አይደል እንዴ! ጥርሱ የሚሠራበትን ፕላስቲክ ስብርባሪ ለምኜ ወሰድኩ። ቤተ ሙከራ ገብቼ ግማሹን በአረፋው ነከርኩ፣ አልኮል የሌለበት፣ በውሃ ብቻ። ግማሹን እንዲሁ ተውኩት። ሁሉንም ከፈንገሱ ጋር አሳደርኩ። እግረ መንገዴን ባዶ አልኮል ብቻ ሌላ ሳህን ላይ ጠብ አደረግሁ። ያኔውኑ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ነው።

ሐሙስ፣ 5፡00
አልኮሉ ብቻውን ክብ ሠርቷል። ጠበብ ይላል እንጂ ሠርቷል። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። የሰኞውን ክብ ከፊሉን የሠራው አልኮሉ ነው፤ ያን ሁሉ ደስታ ከአልኮል ጋር ተካፍዬዋለሁ ማለት ነው።
ከዚያ ፕላስቲኩን አወጣሁ። ያልተነከረው ነጭ ለብሷል፣ ባጥበውም ሙጭጭ። የተነከረው ላይ ያለው ግን ውሃ ሲነካው ተገፈፈ፤ አንድ አይደለም፣ ሁሉም ቁራጭ።

ሐሙስ፣ 9፡40
ሁለቱንም ለዶ/ር አልማዝ አሳየኋቸው። ከፈለግሽ የዓርቡን ገለጻ ላራዝመው አሉ። አልፈልግም አልኩ። አባባም ደወሉ፤ አጥሚት ጠጥተዋል፣ ድምፃቸው ለስልሷል።
ወሰንኩ። ነገ የክቦቹን ፎቶ አልደብቅም። ከጎኑ የአልኮሉን ሳህን አደርጋለሁ፣ ቸኩዬ ነበር እላለሁ። ሌላ ሰው ሳይጠይቀኝ፣ ራሴ። ፕላስቲኩን የማሳየው ከዚያ በኋላ ነው።