የምሽጉን ዱቄት አልበላሁም

አለነ፣ የቤቴ ጌታ፣

ሌላ ሰው ሳይነግርህ እኔው ልንገርህ። በደብረ ታቦር ገበያ ስለ እኔ የሚወራው ሐሰት ነው። «የአለነ ሚስት ባንዳ ሆና፣ የጣሊያን ምሽግ ፉርኖ ዱቄት እየበላች ወፈረች» ይላሉ። የምሽጉን ዱቄት አልበላሁም፤ ቤቴም ገብቶ አያውቅም። በሁዳዴ ቅቤ አልነካሁም፤ ይህንንም ጨምረውበታል። ምሽጉ ገብታለች የሚሉት ግን እውነት ነው። አንድ ጊዜ ገብቻለሁ፤ ስለ ምን እንደ ገባሁ ከታች እጽፍልሃለሁ። ወሬ ሲታረም እውነቱ አብሮ መሰረዝ የለበትም።

ከተለያየን አራት ክረምት አለፈ። አንተ ፊደል አልቆጠርህም፤ የሚመጣልህን ወረቀት ሁሉ የማነብልህ እኔ ነበርሁ፣ አባቴ መሪጌታው በአለንጋ ያስተማሩኝ። አሁን ባለህበት ቦታ የሚያነብልህ አታጣም ብዬ እጽፋለሁ። በሰው ፊት አንቱ፣ በቤታችን አንተ እልህ ነበር። ይህ የቤታችን ጉዳይ ነውና አንተ እልሃለሁ።

ቤታችን እንደ ተውኸው አይደለም። የጓሮው ባሕር ዛፍ ለድልድይ ተቆረጠ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ለወታደር ቀለብ ነዱት። የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ በጋፋት በኩል ያለችውን ማሳ ብቻ ገብስ አስዘራኋት፤ ሌላው መሬት ጦሙን አድሯል። ጣራው ያፈሳል። መኪና ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ሰሞን ዶሮዎቹ ይበረግጉ ነበር፣ አሁን ለመዱት፤ ሰውም እንደዚያው።

ልጃችን ተሻገር ዱር ቤቴ ካለ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጉና ላይ ነው፤ የዚያን ብርድ አንተ ታውቀዋለህ። ከሄደ ጀምሮ ዓይኑን አላየሁም፤ የምንገናኘው በስንቁ ብቻ ነው። በሶ እፈጫለሁ፣ በስልቻ ቋጥሬ ለእማሆይ አመተ ማርያም እሰጣለሁ። መነኩሲት ስለ ሆኑ ኬላ ላይ አይፈትሿቸውም። እሳቸው ተራራው ሥር ለሚጠብቅ ሰው ያስረክባሉ፣ ስልቻው ባዶውን ይመለስልኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ ባዶ ስልቻ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

አሁን ስለ ሕመሜ። እንቅርቴን ታውቀዋለህ። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ሎሚ ያክል ነበር። እናትህ «አንገቷ ላይ ምን ተሸክማ ነው የመጣችው?» ሲሉ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው ብላ የያዘችው ነው» ብለህ አሳቅሃቸው። በኋላ ሲያድግ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድኸኝ። በቅሎዋን ለእኔ ሰጥተህ አንተ በእግርህ ሄድህ። እንቅርቱ አልቀነሰም። ነገር ግን ከውሃው ስወጣ በጋቢህ ጠቅልለህ እንደ ሕፃን አቅፈኸኝ የተቀመጥህባትን ጠዋት አልረሳትም።

ካለፈው መስከረም ወዲህ ሰውነቴ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት ፊቴ አብጦ ዓይኔ በግድ ይገለጣል። ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ይበርደኛል። ድምፄ ጎርንኗል፤ ዳዊት ስደግም ሌላ ሰው የሚያነብ ይመስለኛል። ቅንድቤ ሳስቷል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አባቴ ይህን ሳያዩ መሞታቸው ደግ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ሆዴ ነው። በቀን አንዴ፣ ያውም ቆሎ እየቆረጠምሁ፣ ወሯ እንደ ገባ ሴት ተነፋ። መቀነቴን ሳጠብቀው ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ሳላላው ሰው ያያል። አገር ሁሉ ከስቶ አጥንቱ በሚቆጠርበት ዘመን እኔ ወፍሬ በገበያው መካከል ሳልፍ ሴቶቹ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። አንዷ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ «ጾሙ ተስማማዎት እንዴ፣ እማማ?» አለችኝ። ሌሎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ምሽጉ የገባሁት ያን ሰሞን ነው። በሩ አጠገብ በሽተኛ የሚያይ የሐኪም ረዳት አለ፣ ከመረብ ማዶ የመጣ ጎልማሳ። ሆዴን አሳየሁት፤ እሱ አንገቴን ዳሰሰ። «እማማ፣ ያበጠው ሆድዎ ነው፤ በሽታው ግን እዚህ ነው። ይህ እንቅርት ሥራውን ትቷል። እሱ ሥራውን ሲተው ገላ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሳይበሉም ያወፍራል» አለኝ። መድኃኒት አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አለው፤ ለእናንተ ግን አልመጣም» አለና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። አልተቆጣሁትም፤ ሕመሜን ሕመም ብሎ የጠራልኝ እሱ ብቻ ነው። ባዶ እጄን ገባሁ፣ ባዶ እጄን ወጣሁ። ስወጣ ግን ታየሁ።

ወሬው ጉና ደረሰ። ባለፈው ቅዳሜ እማሆይ ስልቻውን እንደ ሞላ ተሸክመው ተመለሱ። የእኔ ቋጠሮ አልተፈታም። ምሽጉ መርዝ የገባበት ዱቄት በዘመድ እጅ ያስልካል ስለሚባል የጫካ ሰዎች ሰግተዋል፤ ያንንስ እረዳለሁ። እማሆይ ግን ዓይን ዓይኔን ማየት ተሳናቸው። አጥብቄ ስጠይቃቸው፣ በዚያ ቀን ተሻገር ራሱ ወርዶ እንደ ነበር ነገሩኝ። «ለእናቴ ይመልሱላት። እሷን ያወፈራትን እኔ አልበላም» ብሏል። እማሆይ ታማለች ብለውታል። «የታመመ ሰው ይከሳል እንጂ ይወፍራል?» አላቸው።

በዚህ አልፈርድበትም። በእኛ አገር የታመመ ሰው ሲከሳ እንጂ ሲወፍር ማን አይቶ ያውቃል? እኔም ረዳቱ ባይነግረኝ በሌላ ሰው ላይ እንዲሁ እፈርድ ነበር።

አለነ፣ ልጅህ ተርቧል። ጉንጩ ገብቷል፣ ሲናገር ይደክመዋል ብለውኛል እማሆይ። በሶውን ከመለሰ ወዲህ ምን እንደሚቀምስ አላውቅም። የእኔን ስም ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፤ የእሱን ራብ ግን ለማንም አልተውም።

ሳወጣ ሳወርድ የጎደለውን አገኘሁት። አንተ ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ መጀመሪያ በመዳፍህ ጠብ አድርገህ ሳትቀምስ ዋንጫውን ሰጥተህ አታውቅም። በሰው እጅ የሚሄድ ስንቅ ግን ቀማሽ የለውም። ለልጄ ከላክሁት ሁሉ አንዱንም ፊቱ ቀምሼለት አላውቅም። ሲያምነኝ አላስፈለገም፤ አሁን ያስፈልጋል። ስለዚህ ራሴ እወጣለሁ። እማሆይ «ዳገቱ ይገድልሻል፤ ዳገቱ ቢተውሽ የጫካ ጠባቂዎቹ ሳያውቁሽ ይተኩሱብሻል» አሉኝ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ተሻገርም ሲያየኝ ያው እንደ ተባለው ወፍራ መጣች ብሎ ይብስበት ይሆናል። ይህንንም አስቤበታለሁ። ከዚህ ሆኖ ስልቻ ሞልቶ ሲመለስ ከማየት ግን ይሻለኛል።

ስምህን ሳላነሣ ዳዊት የደገምሁበት ቀን የለም፤ ትንፋሼ እስካለ ድረስም አይኖርም። ብመለስ የሙት ዓመት መታሰቢያህን ባለኝ ገብስ አወጣለሁ። ባልመለስ አንተው ትቀበለኛለህ። በመልኬና በድምፄ ግን አትፈልገኝ፣ ተለውጠዋል።

ነገ መጀመሪያ ዓይኔ እንዲገለጥልኝ ፊቴን በሞቀ ውሃ እታጠባለሁ። የተመለሰውን በሶ ትቼ፣ እማሆይ እያዩኝ አዲስ ገብስ ቆልቼ እፈጫለሁ። የቤቱን ቁልፍ ለእሳቸው እሰጣለሁ። ሆዴ እንዲታይ መቀነቴን አላልቼ እታጠቃለሁ። ከዚያ ዱላዬን ይዤ፣ ኬላውን በጥሻው ዞሬ፣ እያረፍሁ ወደ ጉና እወጣለሁ። ልጄ ፊት ከደረስሁ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም ስልቻውን ፈትቼ ከበሶው በመዳፌ ዘግኜ እበላለሁ። የቀረውን በመካከላችን አስቀምጬ እጠብቀዋለሁ።